ቀትር ላይ የሚያልፈው

ትህትና ሸዋ ሮቢት ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር አስተማሪ ናት። ያደገችው እንጅባራ ነው፤ ብርድና ዝናብ ያለበት አገር። ወደ ቆላ ስትመደብ እናቷ ወባውን ፈርተው አልቅሰው ነበር። ወባው ያዛት፣ ለቀቃት። ሙቀቱንም ለመደችው። ቀትሩን ግን አልለመደችውም።

ቀትር ላይ ከተማው ጭር ይላል። ባጃጆች በጥላ ሥር ይደረደራሉ፣ ሱቆች በራቸውን ገርበብ ያደርጋሉ፣ ውሾች ቦይ ውስጥ ገብተው ይተኛሉ። ድንገት አንድ ሰው አስፋልቱን ሲያቋርጥ ከሩቅ ያዩት እንደሆነ፣ ከሙቀቱ የተነሣ ከጉልበቱ በታች ምንም የሌለው፣ በአየር ላይ የሚንሳፈፍ ይመስላል። የተከራየችበት ግቢ ባለቤት እትዬ ሐረገወይን በዚያ ሰዓት ሰው ከቤት ሲወጣ አይወዱም።

"ቲቸር፣ በቀትር ወደ ወንዙ እንዳትወርጂ። የቀትር ጋኔን ሰው አይመርጥም።"

"እኔ ቤቴ ነኝ እትዬ፤ ሥራ ላይ ነኝ።"

"እሱም ሥራሽ አያምረኝም።"

ሥራዋ ዳይኖሰር መሥራት ነው። ከዩኒቨርሲቲ ጓደኛዋ ከአቤል ጋር ለኮምፒውተርና ለስልክ የሚሆን ጨዋታ ይሠራሉ። አቤል አዲስ አበባ ሆኖ ኮዱን ይጽፋል፤ እሷ ደግሞ እንስሳቱን ከነአጥንታቸው፣ ከነቆዳቸውና ከነአረማመዳቸው ትሠራለች። በጨዋታው ውስጥ አንድ ሰው ብቻውን ደረቅ ሜዳ ላይ ይጣላል፤ ውሃ ይፈልጋል፣ ጦር ይሠራል፣ ከአውሬ ያመልጣል ወይም ይገድላል። ትህትና ጠዋት አስተምራ፣ ሰው ሁሉ ጋደም በሚልበት በቀትር በሯን ዘግታ ትቀመጥና ለማታ ትምህርት እስክትነሣ ድረስ ትሠራለች።

ችግሩ የመጣው ከትልቁ እንስሳ ነው፤ አንገቱ ረጅም፣ ቅጠል በል፣ በምድር ላይ ከተራመዱት ሁሉ ግዙፍ ከሚባሉት አንዱ። ትህትና ሠርታ የጨረሰችው በእውነተኛ ልኩ ነበር። ጨዋታውን የሚሞክሩ ልጆች በተጫወቱ ማግሥት አቤል ደወለ።

"ትልቁ ጨዋታውን እየገደለው ነው" አላት። "ፊቱ አይታይም። ካሜራው ሆዱ ውስጥ ይገባል። በጦር ቢወጉት አይሰማውም፣ አንዴ ከረገጣቸው ደግሞ አለቀ። ምን ያድርጉ?"

"ይሽሹ።"

"ወዴት? የእሱ አንድ እርምጃ የእነሱን ሩጫ ያህላል። ባላንስ የለውም ትህትና፣ ኃይላቸው አይመጣጠንም። በአይሱዙ ልክ አድርጊልኝ።"

"በአይሱዙ?"

"አይሱዙ እኮ ትልቅ ነው።"

"አይሱዙ የሚያክል ከሆነማ ሌላ እንስሳ ነው። ስሙን ቀይረው።"

"ማንም ሜትር ይዞ አይመጣም። ሰው ጨዋታ የሚገባው ሊያሸንፈው የሚችል ነገር ፈልጎ ነው። ሙዚየም እየሠራን አይደለም።"

አቤል እውነት እንዳለው ታውቃለች። ስልኩን ዘግታ ለመሞከር ያህል አሳነሰችው። እግሮቹ ያን ሁሉ ክብደት እንዲሸከሙ እንደ ምሰሶ የተሠሩ ስለነበሩ ትንሽ ሲሆን ያለ ምክንያት ወፍረው ቀሩ። ቀስ ብሎ ከባድ እርምጃ ሲራመድ አልጋ ተሸክሞ የሚሄድ ሰው መሰላት። ሳቀች፤ ከዚያ ከፋት። መልሳ አሳደገችው።

ነገሩ ግትርነት ብቻ አልነበረም። ልጅ ሳለች፣ እንጅባራ የፈረሰኞች በዓል ላይ ከአባቷ እጅ አምልጣ በሰልፈኛው መሐል ጠፍታ ነበር። ሰው አላየችም። ያየችው የፈረስ ሆድ ብቻ ነበር፤ አንዱ ሲያልፍ ሌላው፣ ሌላው ሲያልፍ ሌላው፣ ከላይዋ። ኮቴ በግራ በቀኝ ያርፋል። አልጮኸችም፣ አልሮጠችም። አንድም ፈረስ አልነካትም፣ አንድም ፈረስ አላያትም። አባቷ አግኝተው ሲያነሷት ይንቀጠቀጡ የነበሩት እሳቸው ናቸው እንጂ እሷ አይደለችም። ትልቅ ነገር ማለት ለእሷ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ነው። ያንን በአይሱዙ ልክ እንዴት አድርጋ ትሥራው?

አቤልን በቃል ማሳመን እንደማትችል ስታውቅ ልኩን መሬት ላይ አሳይታ በቪዲዮ ልትልክለት አሰበች። የእትዬ ሐረገወይን ወንድም ጋሽ ጀምበሬ በቀወት ገጠር ገበሬ ናቸው፤ እህታቸውን ሊጠይቁ ሲመጡ ነገረቻቸው።

"ጋሼ፣ ባዶ ማሳ ይኖርዎታል? አንድ ነገር ልለካበት ነበር።"

ጋሽ ጀምበሬ ፊታቸው ተለወጠ። "ከመሬት አስተዳደር የላከሽ አለ?"

"ኧረ የለም ጋሼ! ድሮ የነበረ እንስሳ ነው የምለካው።"

ሳቁ። ማሽላው ታጭዶ ስላለቀ ማሳው ባዶ መሆኑን ነግረው በማግሥቱ እንድትመጣ ፈቀዱላት። ቅዳሜ ነበር። በባጃጅ ወርዳ ስትደርስ ፀሐይ ወደ አናት እየወጣች ነው። ገመድና ሜትር ይዛለች፤ ጋሽ ጀምበሬ ደግሞ የማሽላ አገዳ ከክምሩ እየመዘዙ ያቀብሏታል። ከጅራቱ ጫፍ ጀመሩ። ገመዱን እየዘረጉ፣ አገዳ እየተከሉ፣ ጅራቱን፣ የኋላ እግሮቹን፣ የሆዱን ስፋት፣ ትከሻውን አሳለፉ። ጅራቱና ሆዱ ብቻ በአቅራቢያው ባለችው ጀውሃ ከተማ ላይ ቆመው ከሚያድሩት ባለ ተሳቢ መኪናዎች አንዱን ያክላል። አንገቱ ገና አልተጀመረም።

"አላለቀም?" አሉ ጋሽ ጀምበሬ።

"ገና ነው ጋሼ።"

የጭንቅላቱን አገዳ ሲተክሉ ከማሳው ዳር ከቆመው ሾላ አጠገብ ደርሰዋል።

"ቁመቱስ?"

ትህትና ወደ ሾላው ጫፍ አመለከተች። "ቀና ሲል ከዚያ በላይ።"

ጋሽ ጀምበሬ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቀና አሉ። "ሥጋ አይበላም አልሽኝ?" አሏት።

"ቅጠል ነው የሚበላው።"

"ሰውንስ ያያል?"

"በዚያ ዘመን ሰው አልነበረም ጋሼ።"

"ኖሮ ቢሆንስ?"

ይህን ማንም ጠይቋት አያውቅም።

ከብቶቹ ከውሃ ሲመለሱ የመጡት ያን ጊዜ ነው። መንገዳቸው ማሳውን አቋርጦ ያልፋል። ፊት ፊት የሚሄደው ቀይ በሬ የጅራቱ አገዳ ጋ ሲደርስ ቆመ። አሸተተ። ከዚያ ወደ ጎን ታጥፎ የተተከለውን መስመር ተከትሎ በጅራቱ፣ በሆዱ፣ በአንገቱ ዙሪያ ሁሉ ዞሮ አለፈ። ሌሎቹም ተከተሉት። አንዱም ወደ ውስጥ አልገባም።

"አገዳ ሲያዩ መብላት እንጂ መዞር አያውቁም ነበር" አሉ ጋሽ ጀምበሬ ቀስ ብለው።

ትህትና አዲስ ነገር ሆኖባቸው ነው ብላ ራሷን አጽናናች። ስልኳን አውጥታ ሆዱ በሚሆንበት መሐል ቆመችና መቅረጽ ጀመረች። ከውስጡ ሆኖ ሲታይ ቅርጽ የለውም፤ ሩቅ ሩቅ የቆሙ አገዳዎች ብቻ ናቸው። ቢሆንም ጥላ ውስጥ የቆመች ያህል ትከሻዋ ላይ ብርድ ተሰማት። ፀሐይዋ አናቷ ላይ ናት።

ያን ሰሞን መሬት ትንቀጠቀጥ ነበር። ከአፋር በኩል የመጣ ነው ተባለ፤ ሬዲዮውም ሰውም ያንኑ ያወራ ነበር። ሸዋ ሮቢት ላይ ብርጭቆ ከመደርደሪያ ላይ ይንሿሿል፣ አልጋ ይነቃነቃል፣ ያልፋል። ትህትና ግን ሜዳ ላይ ቆማ አጋጥሟት አያውቅም። መጀመሪያ ወፎቹ ዝም አሉ። ከዚያ ከእግሯ ሥር፣ በጆሮ ሳይሆን በአጥንት የሚሰማ ድምፅ መጣ። አገዳዎቹ ተንኮሻኮሹ። ከዚያም መውደቅ ጀመሩ፤ በአንድ ጊዜ አይደለም። የጅራቱ ጫፍ ወደቀ፣ ቀጥሎ የኋላ እግሮቹ፣ ቀጥሎ ሆዱ በግራ በቀኟ፣ ቀጥሎ ትከሻው፣ አንገቱ፣ አንድ በአንድ እየተከተለ እስከ ሾላው ድረስ። የሾላው ቅጠል ረገፍ ረገፍ አለ። ጸጥ ሆነ።

ጋሽ ጀምበሬ አማተቡ። "ተነሥቶ ሄደ" አሉ።

ትህትና ልትስቅ ፈለገች፤ አፏ እሺ አላላትም። ቤቷ ተመልሳ ቪዲዮውን ደጋግማ አየችው። መሬቱ የተንቀጠቀጠበት አቅጣጫ ነው፣ የመንቀጥቀጡ ማዕበል ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ስላለፈ ነው አለች። አገዳዎቹ የተተከሉትም በዚያው መስመር ነበር። ይህ ሁሉ ይስማማል። ቪዲዮውን ለአቤል ስትልክለት ግን ምንም ሳትጽፍ ነው። እሱም አይቶ ሲጨርስ፣ "ድምፁን ለብቻው ላኪልኝ" አላት።

ድምፁ አስደናቂ ነበር። የስልኳ ማይክሮፎን ከአገዳው መንኮሻኮሽ ሥር ያንን የመሬት ጉርምርምታ ይዞታል። ትህትና ቆርጣ ለየችው፣ ዝቅ አደረገችው፣ አዘገየችው፤ ለትልቁ እንስሳ እርምጃ እንዲሆን በእያንዳንዱ ኮቴ ላይ አሳረፈችው። በላፕቶፑ ትንሽ ድምፅ ማውጫ ግን ዝቅተኛው ድምፅ አይሰማም። ስለዚህ ከትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ክበብ ትልቁን ስፒከር ተውሳ በባጃጅ አመጣችው። ሰኞ ቀትር ላይ ክፍሏ ውስጥ አልጋዋ አጠገብ አቁማ ሰካችው።

እንስሳው ከሩቅ እየመጣ ነው። የመጀመሪያው እርምጃ ሲያርፍ የጠረጴዛዋ ብርጭቆ ጮኸ። ሁለተኛው ሲያርፍ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ካላንደር ተወዛወዘ። ሦስተኛው ላይ ከውጭ ጩኸት ሰማች።

እትዬ ሐረገወይን ነጠላቸውን እንኳ ሳያጣፉ ወደ ግቢው ወጥተው "ውጡ! መጣ! ውጡ!" እያሉ ይጮኻሉ። ከጎን ያሉት ተከራዮች፣ ጎረቤቶቹ፣ ከአልጋቸው እንደተነሱ ወጥተው ግቢው መሐል ተሰብስበዋል። አንዲት እናት ሕፃኗን ዘቅዝቃ እንደያዘችው አላወቀችም። ትህትና ምን እንዳደረገች ገባት። ጨዋታውን አቆመች። ስፒከሩን ነቀለች። እየሮጠች ወጣች።

"ይቅርታ! የኔ ነው! ምንም የለም፣ የኔ ድምፅ ነው፤ አጥፍቼዋለሁ—"

ድምፁ አልጠፋም።

የነቀለችው ገመድ አሁንም እጇ ላይ ነው። እርምጃው ግን ከእግሯ ሥር ቀጥሏል፤ አንድ፣ ቆይቶ ደግሞ አንድ፣ እንደ ሠራችው ረገጥ እያደረገ። የጣሪያው ቆርቆሮ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሰው ሁሉ ተቀመጠ፤ እሷም ሳታስበው ተቀመጠች። የክፍሏ የጭቃ ግድግዳ፣ በአልጋዋ በኩል ያለው፣ ሆዱ ወደ ውስጥ ገባና በአንድ ጊዜ ወረደ። አቧራው ከበሩ እንደ ጭስ ወጣ።

ማንም አልተጎዳም። ሁሉም ውጭ ነበር።

አቧራው ሲቀመጥ ትህትና በሩ ላይ ቆማ አየች። አልጋዋ ከነፍራሹ ከአፈሩ ሥር ነው። ጠረጴዛዋ በበሩ በኩል ስለነበር ቆሟል። የላፕቶፑ ስክሪን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሰንጥቋል፤ በስንጥቁ በኩል እንስሳው፣ አቁማው የወጣችው እንስሳ፣ በሜዳው ላይ እየሄደ ነው። ጓል ወድቆበት ቁልፉ ተጭኖ ይሆናል። እንደዚያ ነው የሚሆነው።

ወደ ማታ፣ ሰው ሁሉ ግቢው ውስጥ ሸራ ዘርግቶ ሲቀመጥ፣ ትህትና እትዬ ሐረገወይን አጠገብ ሄዳ ተንበረከከች።

"እትዬ፣ ያስደነገጥኳችሁ እኔ ነኝ። ድምፁ ከኮምፒውተሬ ነው የወጣው። ይቅር ይበሉኝ።"

እትዬ ሐረገወይን ትከሻዋን ይዘው አነሷት። "ነግረሽናል እኮ ልጄ። የመጀመሪያው ያንቺ ነው።" ወደ ፈረሰው ግድግዳ ተመለከቱ። "የኋለኛውስ የማን ነው?"

ከዚያ በኋላ ስለ ነገሩ አልጠየቋትም። ሰፈሩ ግን ቲቸር አውቃ እንዳስወጣቻቸው አወራ። ገበያ ላይ የማታውቃቸው ሴቶች እጇን ይዘው "ዛሬስ እንዴት ነው? ሰላም ነው?" ይሏት ጀመር። ምን ብላ ትመልስ? "ሰላም ነው" ትላለች። ካለች በኋላ ግን መሬቱን ታዳምጣለች።

አቤል የሆነውን ሁሉ ሰምቶ መጀመሪያ አዘነላት፤ ሳምንት አለፈና ወደ ሥራው መለሳት።

"ያ ድምፅ መግባት አለበት። እንደሱ ያለ ሰምቼ አላውቅም። ለድምፁ ስል ትልቅነቱን እቀበልልሻለሁ፤ በልኩ ይሁን።"

"ድምፁ አይገባም" አለችው።

"ትህትና! እውነተኛውን ስትፈልጊ አልነበር?"

"አንተ ያልሰማኸው ነገር አለ። ያ ድምፅ እዚህ ያለን ሰው ልጁን ዘቅዝቆ እንዲያወጣ ያደርጋል። ከአዋሽ እስከዚህ ስንት ሰው ውጭ ያድራል? እነሱም ስልክ አላቸው፣ እነሱም ይጫወቱታል።"

"ታዲያ ያን የሚያክል አውሬ ያለ ድምፅ ይሂድ?"

ለዚህ መልስ ያገኘችው ከጋሽ ጀምበሬ ነው። ግድግዳውን መልሰው ለመሥራት መጥተው ጭቃውን ከጭድ ጋር እያቦኩ ሳሉ ስለ አያታቸው አወሯት። አያትየው በወጣትነታቸው በግመል ጨው እየጫኑ አሊዩ አምባ ገበያ ይወጡ ነበር፤ በዚያን ጊዜ በቆላው ዝሆን ነበር ብለው ይናገሩ ነበር አሉ።

"ሲሄድ ይሰማል ብለሽ ታስቢያለሽ? አይሰማም። አያቴ ጥላ ሥር ጋደም ብለው ድንገት ጥላው ሲጨልምባቸው ቀና ቢሉ፣ ቆሟል። መቼ መጣ? ቅጠል እንኳ አልሰበረም። ዝም ብለው ተኙ። አለፈ። እግሩ ከሥሩ እንደ ትራስ ነው ይሉ ነበር።"

ትህትና ያን ዕለት በተሰነጠቀው ስክሪን ላይ ሠራች። ድምፁን ሁሉ አስወገደችው። ትልቁ እንስሳ እንዳይዋጋ፣ እንዳይገደል፣ እንዳይቆጣ አደረገችው። አንድ ሕግ ብቻ ጨመረችበት፤ ቆሞ የሚጠብቀውን አይረግጥም። የሚሮጠውን ግን አያውቀውም፤ ይረግጠዋል።

"ተጫዋቹ ታዲያ ምን ያደርጋል?" አላት አቤል።

"ይቆማል።"

"ከዚያስ?"

"ያልፋል።"

አቤል ራሱ ሞከረው። ከዚያ ደወለላት። "ሰዓት አየሁ" አላት። "ጥላው ሲመጣ ፀሐይዋ የጠለቀች መስሎኝ፣ ሰዓት አየሁ። ከዚያ ዝም ብዬ ቆምኩ። ጦሩን መያዜን ረስቼው ነበር።" ቀጥሎም፣ "ሥጋ በሎቹን ግን አሳንሼያቸዋለሁ፣ ፍቀጂልኝ ብዬ አልለምንሽም" አላት። እሷም ሥጋ በሎቹን ተወችለት። ሰው የሚገድለው ነገር ያስፈልገዋል፣ አቤል እንደሚለው፤ ሁሉም ነገር የሚያልፍ ከሆነ ጨዋታው አይጀመርም።

ሞካሪዎቹ ተከፋፈሉ። ገሚሱ "ስህተት አለበት፣ አይሞትም" ብሎ ጻፈ። ደሴ የምትኖር ያስሚን የምትባል ሞካሪ ግን በድምፅ መልእክት እንዲህ አለች፦ "ወላሂ ፈራሁ ልበል አልፈራሁ አላውቅም። ከሥሩ ቆሜ ሆዱ ሲያልፍ ሲያልፍ፣ አያልቅም። ካለፈ በኋላ ዞሬ ሳየው ማንም የለም፣ ሜዳው ብቻ። ወንድሜን ጠርቼ አሳየሁት፤ በሱ ተራ አልመጣም። ሁለተኛ አላገኘሁትም። በየት በኩል ነው የሚመጣው?"

ትህትና መልእክቱን ሁለት ጊዜ አዳመጠችው። እንስሳው በጨዋታው ካርታ ላይ ያለማቋረጥ እንዲዞር ነው ያደረገችው፤ መጥፋት አይችልም። ኮዱን ከፍታ አየች፤ አልተነካም። ለያስሚን፣ "ጠብቂው፣ ይመጣል" ብላ መለሰችላትና ከክፍሏ ወጥታ ግቢው ውስጥ እትዬ ሐረገወይን አጠገብ ተቀመጠች። እሳቸው ጽጌረዳቸውን ውሃ ያጠጣሉ። ብቻዋን መሆን አልፈለገችም።

ጨዋታው በመጨረሻ ወጣ። ብዙ ሰው አልተጫወተውም፤ የተጫወቱት ግን አልተዉትም። ትህትና ዛሬም ሸዋ ሮቢት ናት፣ ዛሬም ታስተምራለች። የዝውውር ፎርም ሞልታ ነበር፤ ደብረ ብርሃን ሲደርሳት እንጃ ምን እንደያዛት ሳትቀበለው ቀረች። እናቷ በስልክ ሲቆጧት "ቤቴ ገና አዲስ ግድግዳ ነው" ትላቸዋለች።

አሁን የያዘችው ሥራ ሌላ እንስሳ ነው፤ በመዳፍ የሚያዝ፣ ላባ ያለው፣ በሣር ውስጥ የሚሮጥ ትንሽ ዳይኖሰር። ባለፈው ሰሞን አቤል ደውሎላት ነበር።

"ማንም ሊያየው አልቻለም" አላት። "ሣሩ ይንቀሳቀሳል፣ አንድ ነገር እግራቸው ሥር ያልፋል፣ ጦር ሲወረውሩ የለም። በዶሮ ልክ አሳድጊልኝ።"

"አላሳድገውም" አለች ትህትና።

"ባላንስ የለውም እኮ!"

"የለውም" አለችና ስልኩን በሁለት ትራስ መሐል አስቀምጣ፣ እሱ ከወዲያ እየተናገረ ሳለ፣ ወደ ስክሪኗ ተመለሰች።